እናት ካለፈች በኋላስ? የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎችና የሰሜን ሸዋ እርሻ

ጅሩ ላይ ሰንጋ ያደለበ ሰው ይህን ያውቃል። በሬ የሚደልበው በመኖ ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ ሲበላ ነው። ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። በአያቴ ቤት፣ ከእነዋሪ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ ያ እጅ የአያ ነበር።

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሁላችንም አያ ስለምንለው እዚህም እንደዚያው ልጥራው። አርባ ዓመት አልፎትም ብር መቁጠር አይችልም ነበር። ለሱ ትናንት ማለት ያለፈው ጊዜ ሁሉ ነው። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ይጠፋበታል። በረት ውስጥ ግን ማንም አይደርስበትም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። መጀመሪያ እበቱን ይዝቃል። ቀጥሎ የጤፍ ጭዱን ይበትናል። ከዚያ የጓያውን ገለባ። ከዚያ አተላውን በገበቴ ይዞ ይመጣና ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል፤ ጨው ካልገባበት ይመልሰዋል። መጨረሻ ላይ በሬውን ከግንባሩ እስከ ሽንጡ በመዳፉ ያሸዋል። ከነዚህ አንዷ ከተዘለለች ከመጀመሪያው ይጀምራል። እበቱ የተዛቀ ቢሆንም አካፋውን ይዞ ይመለሳል።

የከብት ነጋዴ ለፋሲካ ሲመጣ በሬውን ዞር ዞር ብሎ ያይና "ማን ነው የያዘው?" ይላል። አያቴ፣ እምዬ ነበር የምንላት፣ "ልጄ ነው" ትላለች። ሌላ ማብራሪያ አትጨምርም።

ያኔ ይህን ድጋፍ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ኑሮ ነው። ድጋፍ እንደነበር የገባን እምዬ ካረፈች በኋላ ነው። ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ተሰብስበን መከርን። አያን ወደ ደብረ ብርሃን እናምጣው አልን። በፍቅር ነው ያደረግነው። ንጹሕ ክፍል ሰጠነው፣ ፍራሽ ገዛንለት፣ ቴሌቪዥን ከፈትንለት። ሥራ እንዳይሠራ አደረግን፤ እስከዛሬ የደከመው ይበቃዋል ብለን። ስድስት ወር ሳይሞላ አያ ሌላ ሰው ሆነ። ቀን በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሊት ይነሳል። ጎህ ሊቀድ ሲል በሩን ይደበድባል። ራሱን በጥፊ መምታት ጀመረ። አንድ ጤና ተቋም ወሰድነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ሰጥተው መለሱን። ቀን ምን ሲሠራ ይውላል ብሎ የጠየቀን የለም። እኛም አልነገርናቸውም። በዚያ ሰዓት በረት እንደሚሄድ የምናውቀው እኛ ነበርን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዓመት ነው። ስለ አያ ብቻ ግን አይደለም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት በሽታ አይደለም። አእምሮ መማርን፣ ማሰላሰልን፣ የዕለት ኑሮን ነገር ማገናኘትን ከልጅነቱ ጀምሮ ዘግየት ብሎ የሚይዝበት ሁኔታ ነው። ከአእምሮ ሕመም ይለያል። ሕመሙ ሊመጣ ሊሄድ ይችላል፣ በመድኃኒትም ይታከማል። ውስንነቱ ግን አብሮ ይኖራል። የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ድሮ "ዘገምተኛ" ይባል ነበር፤ ቢሮ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ይጻፍ ነበር። በገጠር "ጅል" የሚለው አለ፣ "የዋህ" የሚለውም አለ። የዋህ የሚለው ሲነገር ደስ ይላል። ግን የዋህ የተባለ ሰው ምን ትፈልጋለህ ተብሎ አይጠየቅም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በዓለም ላይ በተለምዶ የሚወሰደው ግምት ከ100 ሰው አንድ ገደማ የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። በዚያ ግምት ብንሄድ እንኳ በዞኑ ከ18,000 የማያንስ ሰው ማለት ነው። በአንድ የገበያ ቀን እነዋሪ ላይ ተሰብስቦ የማይታይ ያህል ብዙ ሕዝብ ነው። የት ናቸው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብዛኞቹ እናታቸው ቤት ናቸው።

አንድ ነገር በመሀል ልበል፣ ከርዕሱ ትንሽ ቢያርቀኝም። በዓለም ላይ መከላከል ከሚቻሉ የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ግንባር ቀደሙ የአዮዲን እጥረት ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ካላገኘችው የልጁ አእምሮ በሚገባ አያድግም። የደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑን ያጣ ነው፤ እንቅርት በመንዝም በጅሩም ያላየ የለም። ለሰው የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ገበያ ላይ በኩንታል የሚዘረገፈውን ጨው ስትገዙ ይህን አስቡ። ለነፍሰ ጡር ቤት የታሸገውን ግዙ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ይህ ነገር ዛሬ የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ሰዎቹ ዕድሜ እያገኙ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዳውን ሲንድረም (ከውልደት የሚመጣ፣ ውስንነትን የሚያስከትል ሁኔታ) ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ 25 ዓመት ነበር። አሁን ወደ 60 ደርሷል። የልብ ቀዶ ሕክምና ስለተገኘ፣ ልጆቹም ተቋም ውስጥ መጣላቸው ስለቀረ ነው። እኛ ዘንድ ያን ያህል አልተደረሰም። ግን ክትባትና ጤና ጣቢያ በቀረበ ቁጥር ድሮ በልጅነት የሚሞተው ልጅ ለአዋቂነት ይደርሳል። እናቱንም ይቀብራል። እናቶች ይህን አሳምረው ያውቁታል። "ከኔ በፊት ውሰድልኝ" ብላ የምትጸልይ እናት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጇን ስለምትጠላ አይደለም።

እዚህ አገር የተደረገው ጥረት ብዙው ልጆች ላይ ነው፤ ብዙውም አዲስ አበባ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ለብዙ ቤተሰብ በር ከፍቷል። ነገር ግን ልጅ ያድጋል። ትምህርት ያልቃል። ከዚያ በኋላ የት ይዋል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ከኛ በፊት በሌሎችም ላይ ደርሷል።

ቤልጅየም ውስጥ ጌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታሪኳን ሳነብ ጻድቃኔ ማርያም ነበር ትዝ ያለችኝ። ጌል የቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን አለባት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰው የታመመ ዘመዱን ይዞ ፈውስ ፍለጋ ይሄድባት ነበር። ምእመኑ በዛ፣ ማደሪያ ጠበበ። የአካባቢው ገበሬዎች እንግዶቹን በየቤታቸው አሳደሩ። አንዳንዱ ሳይመለስ እዚያው ቀረ። ከቤተሰቡ ጋር በላ፣ እርሻውን አገዘ፣ ልጆቹን አሳደገ። በኋላ መንግሥት ገባበት፤ ለአሳዳሪው ቤተሰብ መክፈል ጀመረ፣ ሐኪምና ነርስ መደበ። እ.ኤ.አ. በ1938 በጌል ቤተሰቦች ዘንድ የሚኖሩት ሰዎች ከ3,700 በላይ ነበሩ። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ነበሩ፣ እንደ አያ ያሉም ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ በጣም አንሷል፤ ልማዱ ግን አለ።

እኛም ሞጃና ወደራ ላይ ጻድቃኔ ማርያም አለችን። ሸንኮራ ዮሐንስ አለን። ስንት እናት አዋቂ ልጇን ይዛ ፀበል ቦታ ወራት ተቀምጣለች። ፀበሉን ተዉ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የምለው ሌላ ነው። ጌልም የጀመረችው በእምነት ነው። በእምነቱ ላይ ሁለት ነገር ጨመረች፦ ሰውየው ቀን የሚሠራው ሥራና ከቤተሰቡ ጀርባ የቆመ ተቋም።

ሌላው ካምፕሂል ነው። ካርል ኮኒግ የሚባል ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ከናዚዎች ሸሽቶ ስኮትላንድ ገባ። አብረውት ከተሰደዱ ወጣቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1940 አበርዲን አጠገብ ካምፕሂል በተባለ ቦታ ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር መኖር ጀመሩ። ልጆቹ አደጉ። ያው ጥያቄ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዝ፣ ሰሜን ዮርክሻየር፣ ቦተን የተባለ የአዋቂዎች መንደር ተከፈተ። ከብት የሚረባበት፣ አይብ የሚሠራበት፣ ዳቦ የሚጋገርበት። ዛሬ ካምፕሂል ከ20 በሚበልጡ አገሮች ከ100 በላይ ማህበረሰቦች አሉት።

ለኛ የሚቀርበን ግን የኔዘርላንድሱ ይመስለኛል። እዚያ አዲስ መንደር መሥራት አላስፈለገም። ተራ ገበሬ ነው በሩን የከፈተው። ከ1,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ እርሻዎች አሉ። ሰውየው ጠዋት ይመጣል፣ ላሞቹን ይመግባል፣ እንቁላል ይሰበስባል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለገበሬው የቀን ድካሙ ይከፈለዋል። ሰው ከመንደሩ ሳይነቀል ውሎ ያገኛል፤ እናትም ቀን ታርፋለች።

እርሻ ለምን ይመቻል? ሥራው በእጅ የሚያዝ ስለሆነ ነው። ኩበት ጠፍጥፈህ ስታደርቅ ሥራህ ፊትህ ተደርድሮ ይታያል። ነገ ተነስተህ ደግሞ እንዲሁ ነው። ለአያ ዓይነት ሰው ድግግሞሽ መሰልቸት አይደለም፤ መደላደል ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ሥራ አያጣም። መንዝ ላይ በግ መጠበቅ፣ ሱፍ መሸለት፣ ለባና የሚሆነውን ክር መፍተል አለ። ቆላው ቀወት ላይ ሽንኩርት መትከል፣ ማሾ መልቀም፣ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ መጠበቅ አለ። ባሶና ወራና ላይ ኩበቱ፣ ወተቱ አለ።

ሥራን ማስተማር ግን የራሱ ብልሃት አለው። እምዬ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ታውቀው ነበር። "አትንገሩት፣ አሳዩት" ትለን ነበር። የውኃውን ባልዲ እጀታ በቀይ ጨርቅ አስራ ነበር። ቀይ የበሬው፣ ያልታሰረው የጥጃው። አካፋው ሁልጊዜ በአንድ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ካነሳው ትቆጣለች። አንድ አዲስ ነገር ለማስተማር አንድ ወር ሙሉ አብራው ትሠራለች። መጀመሪያ እሷ ትሠራለች እሱ ያያል። ቀጥሎ የመጨረሻዋን ብቻ ለሱ ትተዋለች። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት። ወደኋላ እየሄደች ሙሉውን ታስረክበዋለች። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ደስታዋንም የሚያገኛት እሱ ነው። ባለሙያዎች ዛሬ ይህንኑ መንገድ ያስተምራሉ።

እርሻው ሁልጊዜ ገር ነው ግን አልልም። በአጨዳ ወቅት ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ይጮሃል፤ ፍጠን፣ አንሳ፣ ተሸከም። አያ በዚያን ጊዜ ክምሩ ጀርባ ተደብቆ ጆሮውን ይይዛል። ለሱ የሚሆነው በረቱ እንጂ አውድማው አይደለም። ሰውን ከሥራ ማገናኘት ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። እንደ አያ ያለ ሰው ብዙ ቤት ውስጥ ይሠራል። እየተደገፈ ነው ወይስ እየተበዘበዘ? ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፣ ሁለቱም እበት ይዝቃሉ። በሆዱ ብቻ ያደረ፣ ሃያ ዓመት የሰው ከብት ጠብቆ አንድ ብር በስሙ የሌለው ሰው አውቃለሁ። "ምን ጎደለው፣ ይበላል" ይባላል። የሚያድረው ከከብቶቹ ጋር ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ሲበላ ከማዕዱ ቀርቦ ነው ወይስ ከሰው በኋላ? የት ያድራል? ዛሬ አልሄድም ማለት ይችላል? ሲልስ ምን ይደርስበታል? ሰንጋው ሲሸጥ ለሱ ምን ይደርሰዋል? በጥምቀት ልብስ ለብሶ ይወጣል ወይስ ከብት እንዲጠብቅ ይቀራል? የልጅነት ስሙን የሚጠራው ሰው አለ? መልሶቹ ጥሩ ካልሆኑ ያ ቤት ድጋፍ ሰጪ አይደለም፤ የሚጠቀም ነው። ዘመድ ቢሆንም። ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ጌልም ሰዎቹን በነፃ ጉልበት ታሠራለች ተብላ ተወቅሳለች። ቦተን ላይም አብረው እየኖሩ ያለ ደመወዝ በሚሠሩት ምትክ ደመወዝተኛ ይግባ አይግባ በሚል ሙግቱ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቤተሰብነትንና ደመወዝን ማስታረቅ የትም ቦታ ቀላል አልሆነም።

ሴቶቹን በተመለከተ ነገሩ ይብሳል። ውስንነት ያለባት ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አዝላ ትውላለች። የምትሠራውን የሚያይላት የለም፤ የሴት ሥራ ነዋ። ብቻዋን በምትሄድበት መንገድ የሚደፍራት ሰው እንደማትናገር፣ ብትናገርም እንደማትታመን ያውቃል። ቤተሰብ ሲፈራ ይቆልፍባታል። እርሻ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ይኑር ከተባለ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ነው። ሴቶቹ በቡድን፣ ከሴት ኃላፊ ጋር፣ ለቤት ቅርብ በሆነ ቦታ መዋል አለባቸው። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 19 በማህበረሰብ ውስጥ የመኖርን፣ በአንቀጽ 27 የመሥራትን መብት ይሰጣል። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። ይሁንና አዋጁ የሚያስበው ቀጣሪና ተቀጣሪን ነው፤ የቤተሰብ እርሻ ላይ የሚውለውን ሰው አያገኘውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 339 አእምሮው ያልዳበረውን፣ የአእምሮ ሕመም ያለበትንና በእርጅና አእምሮው የደከመውን በአንድ ላይ ይጠቀልላል። አያ ምን እንደሚችል የሚጠይቅ አይደለም።

ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠውን ሴፍቲኔት ደግሞ ተመልከቱ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ያለ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ቤት አትርፏል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል። የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። እንደ አያ ያለው ሰው የሚገባው ከሁለተኛው ነው። እርዳታውን ማግኘቱ ትክክል ነው፤ ሊነካበት አይገባም። የሚጎድለው ግን መሀሉ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ በሚያውቀው ቦታ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር መሥራት ለሚችል ሰው ሳጥን የለም። ወይ ሙሉ ሠራተኛ ነህ ወይ ቤት ተቀመጥ ነው።

ይህን መሀል ለመሙላት አዲስ ሕንፃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በብዙ ቀበሌ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ሰርቶ ማሳያ ማሳ አለው፤ ስብሰባ ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ ጭር ብሎ ይውላል። በሳምንት ሁለት ቀን አምስት ስድስት ሰዎች እዚያ ቢውሉ፣ ዶሮ ቢይዙ፣ ጎመንና ካሮት ቢኮተኩቱ፣ ልማት ሠራተኛው ሥራውን ቢያሳይ፣ ከመንደሩ የተመረጠች አንዲት እናት በክፍያ አብራቸው ብትውል የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ማን የት ቤት እንዳለ ታውቃለች። ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። ይህ በእርሻ ላይ ቀልድ አይደለም፤ እሳት አለ፣ ወንዝ አለ፣ ጣርማበር አካባቢ ያለው ገደል አለ። የሚጥል በሽታ እንደ ፊኖባርቢታል ባለ ርካሽ መድኃኒት በብዙ ሰው ላይ ይረጋል። መድኃኒቱ ከፀበል ጋር አይጣላም። ሳይቋረጥ መወሰድ ግን አለበት።

ሰላም ሲጠፋ ይህ ሁሉ እንደሚፈርስ አልዘነጋሁም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሲመጣ ስንት ቤተሰብ ቀዬውን ለቀቀ። ቀኑን በበረትና በበግ የሚለካ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲገባ የሚያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም።

አያን ወደ እምዬ ቤት የመለሰችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለበዓል መጥታ በረንዳው ላይ አየችውና "ስጡኝ፣ ልውሰደው" አለች። ከመጣ አሥራ አራት ወሩ ነበር። ሲመለስ ወዲያው አልተስተካከለም። መጀመሪያ የሄደው እምዬ የምትቀመጥበት መደብ ዘንድ ነው። ለሳምንታት እየተመላለሰ ያየው ነበር። አካፋው ግን ያው ምስማር ላይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ የበረቱ መዝጊያ ሲንቋቋ ሰማሁ ብላ ደወለችልን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረግን። በእድሩ ዳኛ ፊት ተቀምጠን ወረቀት ጻፍን። አንደኛ፣ ከመሬት ደብተሩ ላይ የአያ ስም አይሰረዝም፤ የአክስቴ ልጅና ባሏ በእኩል ያርሱታል። ሁለተኛ፣ ከሚሸጠው ሰንጋ ትርፍ ሲሶው የአያ ነው፣ ይቆጠብለታል። ሦስተኛ፣ አያ ሳይጠየቅና ዘመድ ሳይሰበሰብ ከዚህ ቤት ወደ ሌላ ቤት አይወሰድም። ቁጠባውን በስሙ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ተመላለስን። መፈረም አይችልም ተባልን። በእናቴ ስም ከፈትነው። ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እስካሁን እየተመላለስን ነው።

አራተኛው መስመር የአክስቴ ልጅ ብታልፍ ወይም ቢያቅታት አያን የሚይዘው ማን ነው የሚል ነው። ሁላችንም እያለን እስክሪብቶውን የያዘው የእድሩ ጸሐፊ ቀና ብሎ አየን። ዝም አልን። ያ መስመር እስካሁን ባዶ ነው።